ረሃብ ምስክር ይሆናል ወይ?

(ስለ አንድ ቴያትርና ስለ አንድ ፊልም የተጻፈ ሂስ)

«ረሃብ» የተባለውን የስቲቭ ማክዊን ፊልም አይቶ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ሲናገር ይሰማል። አንዱ፣ «66 ቀን ሙሉ ተርቦ የሞተ ሰው እንዴት ተራ ወንበዴ ይባላል? የፖለቲካ እስረኛ መባል ይገባው ነበር እንጂ!» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ምግብ አልበላም ስላለ ያጠመደው ቦምብ ዳቦ ይሆንለታል እንዴ? ወንጀለኛ ምን ጊዜም ወንጀለኛ ነው» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ይግላል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ይመስላሉ። ግን ሳያውቁት በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም «ፖለቲካ» የሚለውን ቃል የምስጋና ቃል አድርገው ይዘውታል። አንዱ ምስጋናውን ልስጥ ይላል፣ ሌላው ልንሣ ይላል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከሁለቱም ይለያል። የፖለቲካ እስረኛነት ዕውቅና ለጀግና የሚሰጥ ሽልማት አይደለም፤ የነገሩን ዓይነት የሚገልጽ ስም ነው። ረሃቡም ስለ ሰውዬው ጽናት ይመሰክር ይሆናል እንጂ ስለ ሥራው ትክክለኛነት ሊመሰክር አይችልም። ይህን ለማሳየት ከፊልሙ ጎን አንድ የቆየ ቴያትር አስቀምጣለሁ፤ የአየርላንዳዊውን ባለቅኔ የዊልያም በትለር ዬትስን «የንጉሡ ደጃፍ»። ቴያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በደብሊን የታየው በ1903 ሲሆን ፊልሙ የወጣው በ2008 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

፩. በደጃፍ የተኛው ባለቅኔ

የቴያትሩ ታሪክ አጭር ነው። ጳጳሳቱ፣ ወታደሮቹና የሕግ ሰዎቹ ስለጎተጎቱት ንጉሥ ጉዋይሬ የባለቅኔዎችን አለቃ ሻናሃንን ከመማክርቱ ገበታ ያስነሣዋል። የቃል ሰው ከሥራ ሰዎች ጋር እኩል መቀመጥ የለበትም ነው ነገሩ። ሻናሃን ገንዘብ አልተወሰደበትም፤ ርስትም አልተነቀለም። የተወሰደበት ወንበሩ ነው። ስለዚህ ሄዶ በቤተ መንግሥቱ ደረጃ ላይ ይተኛል፤ አልበላም ይላል። በአገሩ አሮጌ ልማድ አለና፤ ተበደልኩ ያለ ሰው በበዳዩ ደጃፍ ላይ ተርቦ ከሞተ ሕዝቡ ያንን ደጃፍ፣ የንጉሥም ቢሆን፣ ለዘላለም ሲረግመው ይኖራል።

ልማዱን ዬትስ ከሐሳቡ አልፈለሰፈውም። በጥንታዊው የአየርላንድ ሕግ «ትሮስካድ» የሚባል የክስ ሥርዓት ነበረ። ተከሳሹ ትልቅ ሰው ሲሆን ከብቱን እንደ ተራ ሰው በቀላሉ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ከሳሽ በደጁ ተቀምጦ ይጾምበታል። ተከሳሹ ለዳኝነት እቀርባለሁ ብሎ ዋስ ሳይሰጥ ጾመኛውን ንቆ ዝም ካለ፣ ክብሩንና በሕግ ፊት ያለውን መብት ያጣል። በሌላ በኩል፣ ተገቢ ዋስትና ቀርቦለት ሳለ «አሁንም እጾማለሁ» ያለ ከሳሽም መብቱን ያጣል። ይህችን ሁለተኛዪቱን ግማሽ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

በእኛም አገር ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። ይልቁንም ለትሮስካድ የሚቀርበው የዱሮው ቁራኛችን ነው። አበዳሪና ባለዕዳ በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቁራኛው ዕዳ መኖሩን ያረጋግጣል ወይ? አያረጋግጥም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ነገሩ ዳኛ ፊት እስኪደርስ ድረስ አንዱ ከሌላው እንዳያመልጥ መያዝ ነው። ረሃብም በደጃፍ ላይ ሲሆን እንዲሁ ነው። ባለጉዳዮቹን ያስራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ዬትስ ይህን ሥርዓት ይዞ የሠራው ቴያትር አገነባቡ ቀላል ነው። ሰዎች ተራ በተራ ወደ ደረጃው እየመጡ ሻናሃንን ብላ ይሉታል። ከንቲባው የከተማውን ጥቅም እያሰበ ይመጣል። አሮጌው አሽከር ከወላጆቹ ቤት ምግብ ተሸክሞ ይመጣል። መነኩሴው ይመጣል፤ ወታደሩም የቤተ መንግሥቱ ወይዛዝርትም ይመጣሉ። እጮኛው ፈደልም ትመጣለች። በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ክርክር ነው፤ ጥቅም፣ ዘመድ፣ ሃይማኖት፣ ጉልበት፣ ፍቅር፣ ሥልጣን። ሁሉም ሲያልቅ ንጉሡ ደቀ መዛሙርቱን በአንገታቸው ገመድ አስገብቶ ያቀርባቸዋል። መምህራቸው ካልበላ ሊሰቀሉ ነው። እንግዲህ ለምኑት ይባላሉ። እነርሱ ግን ሙት ይሉታል።

ይህ ቦታ የቴያትሩ ሁሉ እምብርት ነው፤ ተመልካች በቀላሉ ሊያልፈው አይገባም። የሚወዱት ሰዎች ናቸው ሙት ያሉት። ጠላቶቹ ብላ ይሉታል፤ ወዳጆቹ ሙት ይሉታል። ዬትስ ይህን በአድናቆት ነው የጻፈው። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ በእስር ቤቶች የሆነውን ስለምናውቅ በአድናቆት ብቻ ልናነበው አንችልም።

የቴያትሩ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። በመጀመሪያው ድርሰት ንጉሡ ይረታል፤ ባለቅኔውም በሕይወት ይተርፋል። በኦክቶበር 25 ቀን 1920 ግን የኮርክ ከተማ ከንቲባ ቴረንስ ማክስዊኒ በለንደኑ የብሪክስተን ወህኒ ቤት ከ74 ቀን ረሃብ በኋላ ሞተ። የያዘኝ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ ሥልጣን የለውም ያለ ሰው ነው፤ ራሱም የቴያትር ደራሲ ነበረ። ከዚህ በኋላ ዬትስ መጨረሻውን ለወጠው። በአዲሱ ድርሰት ሻናሃን ይሞታል። ታሪክ ገብቶ የአንድን ቴያትር መጨረሻ ያረመበት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም።

ሆኖም አንድ ጉድለት በሁለቱም ድርሰቶች ውስጥ አለ። የሻናሃን እጅ ንጹሕ ነው። የበደለው ሰው የለም፤ ግጥም ነው የገጠመ። ስለዚህ «ይገባዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በቴያትሩ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው ተመልሷል። የዚያ ዓይነት ረሃብተኛ ሲቀርብልን ሁላችንም ለጋሶች ነን። ፈተናው የሚመጣው የተራበው ሰው እጅ ደም ሲኖርበት ነው።

፪. ጥያቄው በወህኒ ቤት

በጁላይ 1909 ማሪዮን ዋላስ ደንሎፕ የተባለች ሠዓሊ በለንደን ሆሎዌይ ወህኒ ቤት አልበላም አለች። የሴቶች የምርጫ መብት ታጋዮች የረሃብ አድማ የተጀመረው በእርሷ ነው። የታሰረችበት ወንጀል በፓርላማው አዳራሽ ግድግዳ ላይ፣ ዜጋ ለንጉሡ አቤት የማለት መብት እንዳለው ከሚናገረው አሮጌ የእንግሊዝ ሕግ የተወሰደ ቃል በቀለም ማተሟ ነው። ጥያቄዋም እንደ ተራ ወንጀለኛ ሳይሆን እንደ ፖለቲካ ጥፋተኛ ልያዝ የሚል ነበር። ከ91 ሰዓት በኋላ ለቀቋት። በዚያው ዓመት መንግሥት ሌላ መላ አመጣ፤ የተራቡትን በጉልበት በቱቦ መመገብ። በ1917 ቶማስ አሽ የተባለው አየርላንዳዊ እንዲሁ በጉልበት ሲመገብ በደረሰበት ጉዳት ሞተ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ግድግዳ ላይ ቃል ያተመች ሴትና፣ ከዚያ በኋላ በሰሜን አየርላንድ ጠመንጃ ይዘው የታሰሩ ሰዎች የጠየቁት ነገር በመሠረቱ አንድ ነው። የጥያቄው ዓይነት በሥራው ቅለትና ክብደት አይለወጥም ማለት ነው። ይህን ካልለየን ክርክሩ ሁሉ «እገሌን እወደዋለሁ፣ እገሌን እጠላዋለሁ» ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሰሜን አየርላንድ እንምጣ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 ድረስ፣ ከአየርላንድ ሪፑብሊክ ጋር መዋሐድን በሚሹና ከብሪታንያ ጋር መቆየትን በሚሹ ወገኖች፣ በብሪታንያ ጦርም መካከል በነበረው ግጭት ከ3,500 በላይ ሰው አልቋል። በጁን 1972፣ ቢሊ ማኪ የተባለው የአይ.አር.ኤ. ሰው በቤልፋስት ወህኒ ቤት የመራው የረሃብ አድማ ከተደረገ በኋላ፣ ሚኒስትሩ ዊልያም ኋይትሎ «ልዩ ክፍል» የሚባል ደረጃ ሰጡ። ደረጃው ለአይ.አር.ኤ. ብቻ ሳይሆን ለእንግሊዝ ዘውድ ታማኝ ነን ለሚሉት ታጣቂዎችም ነበር። እስረኞቹ የራሳቸውን ልብስ ይለብሳሉ፤ የወህኒ ቤት ሥራ አይሠሩም፤ በየጎጆው በራሳቸው አለቃ ይተዳደራሉ። በ1975 የጋርዲነር ኮሚቴ ይህ ስሕተት ነበርና ይቅር አለ። ከማርች 1 ቀን 1976 ጀምሮ ለተፈጸመ ጥፋት የሚፈረድበት ሁሉ ተራ ወንጀለኛ እንዲሆን ተወሰነ። ለዚህም «ኤች» የሚባለውን የላቲን ፊደል የሚመስሉ አዳዲስ ሕንፃዎች ተሠሩ።

እስቲ ሁለት ሰዎች እናስብ። ያው ድርጅት፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ሥራ። አንዱ በፌብሩዋሪ 29፣ ሌላው በማግሥቱ። የመጀመሪያው በጎጆው ውስጥ ሱሪውን ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ሁለተኛው እዚያው ግቢ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጣል። በአንዲት ሌሊት ምን ተለወጠ? ግጭቱ አልተለወጠም፤ ሰዎቹም አልተለወጡም። የተለወጠው መዝገቡ ነው።

በሴፕቴምበር 1976 ኪራን ኑጀንት የእስረኛ ልብስ አልለብስም ብሎ ብርድ ልብስ ለበሰ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1978 ተቃውሞው ከፋ፤ መታጠብ ቀረ፣ ግድግዳው በዓይነ ምድር ተለቀለቀ። በኦክቶበር 27 ቀን 1980 ሰባት እስረኞች ረሃብ ጀመሩ፤ በ53ኛው ቀን ተቋረጠ። በማርች 1 ቀን 1981፣ ልክ አምስት ዓመት በሞላው ዕለት፣ ቦቢ ሳንድስ ሁለተኛውን አድማ ጀመረ። የጠየቋቸው አምስት ነገሮች እነሆ፦ የራስን ልብስ መልበስ፣ የወህኒ ቤት ሥራ አለመሥራት፣ ከሌሎች እስረኞች ጋር መገናኘት፣ በሳምንት አንድ ጠያቂ፣ አንድ ደብዳቤና አንድ ጥቅል፣ እንዲሁም በተቃውሞው የተሠረዘባቸው የእስራት ቅነሳ መመለስ። ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ሱሪና ስለ ደብዳቤ ነው። የንጉሡም ገበታ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ወንበር ነበር።

በኤፕሪል 9 ቀን 1981 ሳንድስ ከተኛበት አልጋ ሆኖ በ30,492 ድምፅ የብሪታንያ ፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ። ተወዳዳሪው 29,046 አገኘ። በኤፕሪል 21 ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር በሪያድ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ፣ ወንጀል ወንጀል ነው፣ ወንጀል ነው፤ ፖለቲካ አይደለም አሉ። በሜይ 5 ሳንድስ በ27 ዓመቱ ሞተ። እስከ ኦገስት 20 ድረስ ሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ተከተሉት። አድማው በኦክቶበር 3 ቆመ። ከሦስት ቀን በኋላ አዲሱ ሚኒስትር ጄምስ ፕራየር የራስ ልብስ መልበስን ፈቀደ። ከሌሎቹም ጥያቄዎች አብዛኞቹ ቀስ በቀስ በተግባር ተፈጸሙ። ስሙ ብቻ አልተሰጠም።

፫. ፊልሙ ያየውና ያላየው

የማክዊን ፊልም በካን በዓል ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን የካሜራ ዶር ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፤ ተገቢም ነበር። አጀማመሩ ብልህነት አለበት። መጀመሪያ የሚያሳየን እስረኛ ሳይሆን ጠባቂ ነው። ሰውዬው የቆሰለ ጉልጥምቱን ውኃ ውስጥ ይነክራል፤ ቁርሱን በጸጥታ ይበላል፤ ከቤቱ ሲወጣ ጎንበስ ብሎ መኪናው ሥር ቦምብ እንዳለ ያያል፤ ሚስቱ በመስኮት ትመለከተዋለች። ገና እስረኛውን ሳናውቅ ጠባቂው ሰው ሆኖ ገብቷል። በኋላ ይኸው ሰው አእምሮዋ የደከመ እናቱን ሊጠይቅ ሄዶ፣ አበባ ይዞ እንደተቀመጠ፣ በእናቱ ፊት በጥይት ይገደላል። ደሙ በእናቱ ላይ ይረጫል፤ እርሷ ግን ምን እንደሆነ አልገባትም። ከዚህ ትዕይንት በኋላ ማንም ተመልካች «ንጹሕ ባለቅኔ» ፊቴ ቆሟል ሊል አይችልም። ዬትስ የሸሸውን ማክዊን ፊት ለፊት አምጥቶታል።

ቀጥሎ ዝነኛው ንግግር ይመጣል። ሳንድስና አንድ ቄስ ጠረጴዛ ይዘው ሲጋራ እያጨሱ ይነጋገራሉ። ካሜራው አሥራ ሰባት ደቂቃ ያህል ሳይነቃነቅ፣ ሳይቆረጥ ያያቸዋል። በቴያትሩ ውስጥ ከንቲባው፣ መነኩሴው፣ እጮኛዪቱ ተካፍለው የተናገሩት ሁሉ እዚህ በአንድ ቄስ አፍ ተጠቃሏል። ልጅህስ? ሕይወትስ? ይህ ግትርነት አይደለም ወይ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ሳንድስ በመጨረሻ የሚመልሰው በተረት ዓይነት ነው። በልጅነቱ ከጓደኞቹ ጋር ሳለ እግሩ የተሰበረ የፈረስ ውርንጭላ ውኃ ውስጥ ያገኛሉ። ሌሎቹ ሲያመነቱ እርሱ ገብቶ ከሥቃዩ ይገላግለዋል፤ ቅጣቱንም ስለ ሁሉም ይቀበላል።

የኔ ተቃውሞ ከዚህ ይጀምራል። ታሪኩ ያምራል፤ ነገር ግን ለጥያቄው መልስ አይሆንም። ውርንጭላው ቀድሞውኑ የሚሞት ነበረ፤ እናቱ ፊት የተገደለው ጠባቂ ግን አልነበረም። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያን ሬሳ ያሳየን ፊልም እዚህ ሲደርስ ረስቶታል። ቄሱም አያነሣውም። ከዚያ በኋላ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። የሚቀረው አካል ነው፤ የከሳ ክንድ፣ የቆሰለ ጀርባ፣ ቅባት የሚቀባ እጅ፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን፣ ወፎች። ተመልካቹ ጉሮሮው በኀዘን ተይዞ ይወጣል። ፊልሙ ያነሣውን ጥያቄ በአካል ዘጋው። ይህ የውበት ጥፋት ሳይሆን የክርክር ጥፋት ነው። አንድ ሰው ሲሞት ማየት ስለ ሞቱ እንጂ ስለ ጉዳዩ አያስተምርም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ፊልሙ ከደጅ ያስቀረውን ይመለከታል። ከላይ የጠቀስኩት ምርጫ እንደ ትዕይንት አልገባም። ለምን? በዚያ አካባቢ ገበሬ፣ አስተማሪ፣ የቤት እመቤት ሄደው 30,492 ጊዜ አንድ ስም ላይ ምልክት አድርገዋል። ነገሩ ፖለቲካ መሆኑን የሚመሰክረው በሳንድስ ጀርባ ላይ ያለው ቁስል አይደለም፤ ያ የድምፅ ሣጥን ነው። የፊልሙ ሳንድስ ብቻውን ይሞታል። የታሪኩ ሳንድስ ብቻውን አልነበረም።

ደግሞም ከዚያ ምርጫ ሁለት ቀን በፊት፣ በኤፕሪል 7፣ በዴሪ ከተማ ቤት ለቤት እየዞረች የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ የምትሰበስብ ወጣት እናት በጥይት ተገድላለች። ይህም በፊልሙ የለም። በእኔ አስተያየት ሁለቱም መግባት ነበረባቸው፤ ሣጥኑም፣ ቅጽ ሰብሳቢዋም። አንዷን ብቻ ያስገባ ስብከት ይሆናል። ሁለቱንም ያስገባ ግን እውነተኛውን አስቸጋሪ ነገር ያሳየን ነበር፤ ያው ትግል በአንድ ሳምንት ውስጥ የሕዝብ ድምፅም የንጹሕ ሰው ደምም ነበረበት።

ባጭሩ ስናስቀምጠው፣ ቴያትሩ ኅብረተሰብ አለው፣ ደም የለውም። ፊልሙ ደም አለው፣ ኅብረተሰብ የለውም።

፬. ታዲያ ይገባቸዋል ወይ?

የመንግሥቱን ወገን ክርክር በጠነከረ መልኩ እንውሰደው። ባንዲራ ይዞ የገደለውን ከሌባ ነፍሰ ገዳይ ለይታችሁ ብታከብሩት፣ ለሟቹ ሚስት ምን ትሏታላችሁ? የእርሷ ባል የሞተው ያው ሞት ነው። በዚያ ዘመን የወህኒ ጠባቂዎች በየደጃቸው ይገደሉ ነበር። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በፉከራ አይመለስም።

ግን መንግሥት ራሱ በቃሉ አልጸናም። እነዚህን ሰዎች የያዛቸው በልዩ የአደጋ ጊዜ ሕግ ነው። የዳኛቸውም ከ1973 ጀምሮ በዲፕሎክ ፍርድ ቤት፣ ማለት ያለ ጁሪ በአንድ ዳኛ ብቻ ነው። ያሰራቸው ለእነርሱ ተብሎ በተሠራ ሕንፃ ነው። እንግዲህ ለመያዝ ልዩ፣ ለመዳኘት ልዩ፤ ሱሪ ሲጠይቁ ተራ! ለሌባ ጁሪ አይከለከልም። ጁሪ የከለከልከውን ሰው «አንተ እንደ ሌባ ነህ» ልትለው አትችልም። ወይ ሕጉን ተራ አድርግ፣ ወይ ስሙን ስጥ።

ስለዚህ በበኩሌ መልሴ «አዎን፣ ዕውቅናው ይገባ ነበር» ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ረሃባቸው አይደለም። ሳንድስ በሁለተኛው ቀን ሾርባ ጠጥቶ ቢሆን ኖሮም ያው ይገባ ነበር። አሥር ሰው መሞቱ ነገሩን ይበልጥ እውነት አላደረገውም። እውነት የሚያደርጉት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ ልዩ ሕግ መኖሩ፣ ከድርጅቱ በስተኋላ የቆመ ሕዝብ መኖሩ፣ ሥራው ለግል ጥቅም ሳይሆን ለሕዝብ ጥያቄ መሠራቱ። እነዚህ ሦስቱ ካሉ ነገሩ ፖለቲካ ነው፤ ወደድንም ጠላን።

ፖለቲካ ነው ማለት ደግሞ ደግ ነው ማለት አይደለም። ቅጽ ሰብሳቢዋ የተገደለችው ለፖለቲካ ነው፤ አገዳደሏም አስቀያሚ ወንጀል ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ሳንድስ ራሱ የተፈረደበት መሣሪያ በመያዝ 14 ዓመት ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሞተው ፍራንሲስ ሂውዝ ግን ወታደር ገድሏል ተብሎ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ነው። ዕውቅናው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ፍርዱ አንድ አይደለም። ስሙ ከፍርዱ አንዲት ቀን አይቀንስም። ለሟቹ ሚስት የምንላትም ይህንኑ ነው፤ ባልሽን የገደለው ሰው የፖለቲካ እስረኛ ነው፣ ፍርዱንም ይጨርሳል።

በ1998 የሆነው ይህንን አሳብ ያጠናክረዋል። በስምምነቱ መሠረት ተኩስ ያቆሙት ድርጅቶች እስረኞች፣ ከሁለቱም ወገን ከ400 በላይ ሰዎች፣ ቀስ በቀስ ተለቀቁ። የተለቀቁት በአመክሮ ነው፤ ፍርዳቸው አልተሠረዘም። ፖለቲከኞችም ፍርደኞችም ሆነው ወጡ። በ1981 ሊታሰብ አይችልም የተባለው ነገር ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በውል ተጻፈ። ለሟች ቤተሰቦች ይህ መራራ ነበር፤ መራራነቱንም መካድ አይገባም።

አሁን ያቆየናትን የትሮስካድን ሁለተኛ ግማሽ እናንሣት። ዋስ ያልሰጠ ተከሳሽ ይረታል፤ ዋስ ቀርቦለት የጾመ ከሳሽም ይረታል። በዚህ ሚዛን የለንደን መንግሥት አሥር ሰው ሞቶ አድማው ከቆመ በኋላ በሦስተኛው ቀን የሰጠውን ልብስ አስቀድሞ ባለመስጠቱ ይረታል። ሌላውስ ወገን? በዚያን ጊዜ የእስረኞቹ ቃል አቀባይ የነበረው ሪቻርድ ኦሮ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በጁላይ 1981 መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጥያቄ የሚያሟላ ስምምነት ቀርቦ ነበር፣ ያስቀሩትም ከውጭ ያሉ መሪዎች ናቸው ብሏል። መሪዎቹ አስተባብለዋል፤ ክርክሩም እልባት አላገኘም። በዚያን ጊዜ የሞቱት አራት ነበሩ፤ ስድስቱ ገና በሕይወት ነበሩ።

እንግዲህ እነዚያ አንገታቸው ላይ ገመድ የገባባቸው ደቀ መዛሙርት ትዝ ይበሉን። ዬትስ «ሙት» ሲያሰኛቸው ቢያንስ ገመዱ በራሳቸው አንገት ላይ ነበር። አንገቱ ነጻ የሆነ ሰው ለተራበው «ቀጥል» ሲል ግን ምን መባል አለበት? ይህን ጥያቄ ቴያትሩ በግማሽ አይቶታል፤ ፊልሙ ጨርሶ አላየውም። አንድ የረሃብ አድማ መቼ እንደሚጀመር የሚናገር ድርሰት ብዙ ነው። ማን እንደሚያስቆመው የሚጠይቅ ድርሰት ግን እፈልጋለሁ። ከእኛ መካከል አንዱ ቢጽፈው ደግሞ የተሻለ ነው።

ጓደኞቻችን ፊልሙን ይዩት፤ ቴያትሩንም አፈላልገው ያንብቡት። ሁለቱንም ሲጨርሱ ግን «አሳዘነኝ» ብለው አይነሡ። ኀዘኔታ ለታማሚ ነው የሚገባው፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ስም ነው የተከራከሩት፤ ክርክር ደግሞ መልስ ይፈልጋል። የእኔን አሳብ የሚቃወም፣ በተለይም «ከሦስቱ መመዘኛዎች አንዱ ቢጎድልስ?» የሚል ጓደኛ በሚቀጥለው ዕትም ብዕሩን ያንሣ።